«ብቻውን የሚኖር የካንሰር ታማሚ አይቆይም ይሉኛል»

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ወንድሜ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሦስት ሳምንት ሆነው። ካንሰሩ ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል፣ ደረጃው ሦስት ነው፣ ኪሞ ያስፈልገዋል ተብለናል። ወንድሜ ከተፋታ ቆይቷል፤ የሚኖረው ብቻውን ነው፤ አንዲት ሴት ልጁም ሌላ ከተማ ትማራለች። አንድ ዘመዳችን «ይህ በሽታ ሚስትና ቤተሰብ የሌለውን ሰው ቶሎ ነው የሚወስደው» ሲል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። «እኔ ቤት መጥተህ ተቀመጥ» ብለው እምቢ አለ። አራት እህትና ወንድም በየቀኑ እንደውልለታለን፤ መልሱ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። አሁን አሁንማ ስልክ ማንሳትም ትቷል። እኔ የእሱ ታናሽ ነኝ፣ 38 ዓመቴ ነው። ዘመዳችን ያለው እውነት ነው? ምንስ ላድርግ?
እንቅልፍ ያጣሁ እህት

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ዘመዳችሁ የተናገረው መነሻ አለው፤ ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ 735 ሺህ የሚጠጉ የካንሰር ታማሚዎችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ያገቡት ሰዎች ካላገቡት፣ ከተፋቱትና የትዳር ጓደኛ ከሞተባቸው ይልቅ በካንሰሩ የመሞት ዕድላቸው በ20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ጎልቶ ታየ። ሰው ጆሮ የሚደርሰው ይህ ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ እምብዛም የማይነሱ ሁለት ሌሎች ቁጥሮች አሉ፤ ያገቡት በሽታው ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ የመገኘት ዕድላቸው በ17 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ዋናውን ሕክምና የማግኘት ዕድላቸው ደግሞ በ53 በመቶ የበለጠ ነበር።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ቤት ውስጥ «ይህ ደም ከየት መጣ? ነገ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ» ብሎ አፍጥጦ ይዞታል፤ ቀጠሮ አስይዟል፤ ውጤት ተከታትሏል። እንዲህ ያለ ጥናት ሙከራ ስላልሆነ ሁሉን አያስረዳም፤ ያገቡና ያላገቡ ሰዎች በገቢም፣ በጤና መድንም፣ በሌላ ሕመምም ይለያያሉ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ትንታኔ የሚናገረውን ልብ በይ። ማግባት ከ12 በመቶ ያነሰ የሞት ስጋት ጋር ሲያያዝ፣ ሰፊ የወዳጅ ዘመድ ክበብ ከ20 በመቶ፣ «የሚረዳኝ ሰው አለኝ» ብሎ ማመን ደግሞ ከ25 በመቶ ጋር ተያይዟል። ወንድምሽ ሚስት የለውም፤ አራት እህትና ወንድም ግን አለው። እናንተ የቀራችሁ የሥራ ክፍፍሉ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንድታስቆሚልን እንለምንሻለን። «ካልተበሳጨህ ትድናለህ፣ ጭንቀት ነው የሚገድልህ» የሚሉትን ሰዎች ከእሱ አርቂልን። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስፒገልና ባልደረቦቹ በቡድን የሚደረግ ምክር የተስፋፋ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ዕድሜ በእጥፍ ገደማ እንዳራዘመ አሳትመው ዓለም ተደንቆ ነበር። በ2001 ግን 235 ሴቶችን ያሳተፈ ሰፋ ያለ ሙከራ ምክሩን ያገኙትም ያላገኙትም ሴቶች የኖሩት ዕድሜ ወደ 18 ወር የሚጠጋ ሆኖ እኩል አገኘው። በምክሩ ጭንቀትና የሕመም ስሜት ቀንሷል፤ ዕድሜ አልጨመረም። ስለዚህ ሰውየው ሲያዝን ራሱን እየገደለ እንደሆነ እንዲሰማው ማድረግ ሐሰትም ጭካኔም ነው። ማዘን ይችላል። ቀጠሮውን ግን ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ናችሁ፤ ስለዚህ በጣም አጣዳፊው ጉዳይ ኪሞው የሚጀመርበት ቀን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል። በዚህ ካንሰር ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ያጠናቀረ የ2011 ትንታኔ አጀማመሩ በ4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የሞት ስጋት በ14 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ብቻውን በሚኖር ሰው ላይ የሚዘገይባቸው ምክንያቶች ደግሞ በአብዛኛው ተራ ናቸው። የፓቶሎጂው (በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢ ምርመራ) ውጤት ወጥቶ የሚቀበለው ይጠፋል፤ ቁስሉ መግል ይዞ ሁለት ሳምንት ሳይታይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ኪሎ ቀንሶ ይመጣና «ትንሽ አገግም» ተብሎ ይመለሳል፤ የደም ምርመራ ሳያደርግ ለቀጠሮ ስለሚቀርብ ሌላ ቀን ይሰጠዋል። ከመካከላችሁ ወረቀት የማይጠፋበትንና የማይሰለቸውን አንዱን መርጣችሁ ፋይሉን ለእሱ ስጡት። የዚህ ሰው ሥራ አንድ ነው፦ በዚህ ሳምንት ውስጥ የካንሰር ሐኪሙን ቀጠሮ ቀን ማወቅ፣ ካልተያዘም ማስያዝ።

በቀጠሮው ቀን ወንድምሽ ብቻውን አይግባ፤ ሁለተኛ ጆሮ ያስፈልገዋል። አብሮት የሚገባው ሰው ጽፎ ይምጣ፦ ስንት ንፍፊት ተመረመረ፣ ስንቱ ላይ ካንሰር ተገኘ (ቢያንስ 12 መመርመር አለባቸው)፤ የሚስማች ሪፔር ምርመራ (ካንሰሩ በዘር የሚወረስ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም) በዕጢው ላይ ተሠርቷል ወይ፤ የትኛው መድኃኒት፣ ለስንት ዙር፤ ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ የሚደወለው ለማን ነው። ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ስልክ ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ።

እስከዚያው ከቀዶ ሕክምናው የቀሩ ነገሮች አሉ። ከትልቅ የሆድ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ብዙ ጊዜ ለ4 ሳምንት ይታዘዛል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው «ደህና ሆኛለሁ» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ታዞለት እንደሆነና መጨረሱን ጠይቁት። ለ6 ሳምንት ያህል ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት የለበትም፤ ስለዚህ አስቤዛውን የሚሸከምለት ሰው ይኑር። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው፣ የሆድ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ቢብስ፣ ቢያስመልሰው፣ ጋዝም ሰገራም ቢቆም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም።

ምግብ ላይ ቁጥር ያዙ። ከቀዶ ሕክምና እያገገመ ያለ የካንሰር ታማሚ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ 70 ኪሎ ከሆነ ከ84 እስከ 105 ግራም ማለት ነው። ለራሱ ብቻ የሚያበስል ሰው እዚህ አይደርስም፤ ለአንድ አፍ ምድጃ ማብራት ያሰለቻል። በትልቅ ሳህን ማቅረብ አይጠቅምም፣ ቶሎ ይጠግባል። ለአንድ ጊዜ በሚበቃ ዕቃ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ የሚበላ ነገር ይጠቅመዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ሰዓት ይመዘን። 70 ኪሎ የነበረ ሰው 66.5 ከደረሰ 5 በመቶ ቀንሷል፤ ይህ ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ ለሐኪሙ ይነገር።

አሁን ወደ ስልኩ። አራት ሰው በቀን አራት ጊዜ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው ብቻ ይደውል፣ ቀድሞ በተስማማችሁበት ሰዓት። ሌሎቻችሁ ዜናውን ከእሱ ስሙ። ደዋዩ ደብተር ይያዝና አምስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ሙቀትህ ስንት ነው? ከትናንት ጀምሮ ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ተቀመጥክ? ምን በላህ? ክኒኑን ስንት ሰዓት ዋጥክ? ሕመሙ ከ10 ስንት ነው? ከቀኑ ጎን አምስት ቁጥር ወይም አምስት ቃል ይጻፍ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኳሱም ስለ ሥራውም አውሩ። «ደህና ነኝ» የሚል ሰው «37.9» ብሎ መዋሸት ይከብደዋል።

ይህን ከራሳችን ፈጥረን እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ አንድ ሙከራ ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታማሚዎችን በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ቡድን ምልክቶቹን በየጊዜው በኮምፒውተር ሲያስመዘግብና ነገሩ ሲብስ ነርሷ መልእክት ሲደርሳት፣ ሌላው በተለመደው መንገድ ቀጠለ። የመጀመሪያዎቹ በመካከለኛ ስሌት 31 ወር፣ ሁለተኛዎቹ 26 ወር ኖሩ። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም። ምልክት በጊዜው ተነግሮ በጊዜው መልስ ማግኘቱ ነው የተጨመረው። የወንድምሽ ሁኔታ የተለየ ነው፣ የእሱ በሽታ ለመዳን የሚታከም ነው፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ኪሞው ሲጀመር ብቻውን መኖሩ እውነተኛ አደጋ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። ለደረጃ ሦስት ብዙ ጊዜ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን በደም ሥር በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ኬፕሳይታቢን የተባለ ክኒን ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን፣ ቀጥሎ 7 ቀን እረፍት ነው። አንድ ዙር 21 ቀን ይሆናል፤ እንደ ካንሰሩ ሁኔታ 4 ወይም 8 ዙር። ይህ ከታዘዘለት ሕክምናው ግማሽ በግማሽ የሚካሄደው ሆስፒታል ሳይሆን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ክኒኑ ከምግብ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዋጣል፤ ያልበላ ሰው እንግዲህ መድኃኒቱንም በአግባቡ አልወሰደም። አንዱ ቢዘለል የሚቀጥለው ላይ ደርቦ መዋጥ የለም። ኦክሳሊፕላቲኑ በተሰጠው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው፣ ቀዝቃዛ ዕቃ ሲነካ ጣቶቹ ኤሌክትሪክ እንደያዛቸው ይነዝራሉ፤ ቀድሞ ካልተነገረው ሌሊት ላይ ታንቆ የሚሞት መስሎት ይደነግጣል። ለብ ያለ ውኃና ጓንት ይበቃል።

ከሁሉ የሚያስፈራን ተቅማጥ ነው። ከወትሮው በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ ቀጣዩን ክኒን ከመዋጡ በፊት መደወል አለበት። አፉ ቆስሎ መብላት ካቃተው፣ መዳፉና የእግሩ ጫማ ቀልቶ ካመመውም እንደዚያው። ብቻውን ያለ ጎበዝ ታማሚ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፤ «የታዘዘልኝን ልጨርስ» ብሎ እያስቀመጠው ክኒኑን ይቀጥላል፤ ውኃው ከሰውነቱ ያልቃል፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ስልክ ለማንሳት አቅም ያጣል። ለዚህ ነው የደብተሩ ሁለተኛ ጥያቄ «ስንት ጊዜ ተቀመጥክ» የሆነው። ስታነቢው ታሳፍር ይሆናል፤ ከአምስቱ የምንመርጠው አንድ ጥያቄ ቢሆን ግን እሱን ነበር።

ትኩሳትም አለ። ከኪሞው በኋላ ነጭ የደም ሴሎች በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይወርዳሉ። በእነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ ይለካ። 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛትም አይሆንም፣ ክኒኑ ትኩሳቱን ያወርዳል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር፣ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ የሚችል ሰው እጅ፣ በርና ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈ የሌሊት ስልክ ቁጥር። ያ ሰው ዘመድ መሆን የለበትም። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከሩቅ እህት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በ2,835 የጡት ካንሰር ታማሚ ነርሶች ላይ በተሠራ ጥናት ከሰው ተነጥለው የሚኖሩት በካንሰሩ የመሞት ስጋታቸው እጥፍ ሆኖ ሲገኝ፣ የጎደላቸው የቅርብ ዘመድ ብቻ አልነበረም፤ ጓደኛም ነበር።

«እኔ ቤት ና» ማለትሽን እንተወው እንላለን። ሰውየው ጤናውን፣ የአንጀቱን ቁራጭና ምናልባትም ሥራውን ባጣበት ወር አልጋውንም መልቀቅ አይፈልግም። ያንቺ ቤት ከሆስፒታሉ የራቀ ከሆነ ደግሞ በሕክምናም አያስኬድም። በምትኩ ጥያቄውን አሳንሺው፦ «የመጀመሪያው ዙር ኪሞ በተሰጠህ ሳምንት እኔ አንተ ጋ ልደር፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚሆን አንተው ትነግረኛለህ።» ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ቤቱ የእሱ ነው፣ ውሳኔውም በእጁ ነው። እምቢ ለማለት ይከብዳል። በዚያ ሳምንት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚይዘው በዓይንሽ ስለምታዪ በሚቀጥሉት ዙሮች የትኞቹ ቀናት ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ታውቂያለሽ።

ልጁን አትደብቋት። ራቅ ብላ የምትማር ልጅ ከድምፁ ታውቃለች፤ ሳይነገራት ስትቀር ደግሞ የባሰውን ትገምታለች። አባቷ ራሱ ይንገራት፣ ሥራም ይስጣት፤ ለምሳሌ ያ የአምስት ጥያቄ ስልክ የእሷ ቢሆን እሱም ያነሳ ይሆናል።

ስልክ ማንሳት መተዉ ግን በራሱ ያሳስበናል። ድካም ሊሆን ይችላል፤ መሰልቸትም። ድባቴ ከሆነ ግን ሕክምና አለው። ፊት ለፊት፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ ሁለት ነገር ጠይቂው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስሜትህ ወርዶ ወይም ተስፋ ቆርጠህ ታውቃለህ? ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች ጣዕም አጥተውብሃል? አብዛኛውን ቀን እንዲህ ነው ካለሽ ለካንሰር ሐኪሙ ይነገር። በካንሰር ታማሚዎች ላይ ድባቴ ከበለጠ የሞት ስጋት ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ይስማማሉ፤ አንዱ ምክንያት ሰው ሲደበት ምግቡንም ቀጠሮውንም ስለሚተው ነው። መኖር እንደሰለቸው ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ብቻውን ሳይቀር በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጨምርበትም።

ገንዘብንም በግልጽ አንሱ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ላይ የተሠራ የ2016 ጥናት ለኪሳራ የተዳረጉ የካንሰር ታማሚዎች ካልተዳረጉት ይልቅ የሞት ስጋታቸው በ79 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢው ሲቆም የሚተካ ሌላ ደመወዝ ቤት ውስጥ የለም፤ ዕዳውን ደብቆ መድኃኒት የሚቀንስም አለ። «ገንዘብ ያስፈልግሃል ወይ» ብትሉት «አይ» ነው የሚለው። «የዚህ ወር ኪራይና መድኃኒት ስንት ነው?» በሉት።

አንቺም ተኝተሽ እደሪ። አራት ናችሁ፦ አንዱ ፋይሉን፣ አንዱ ስልኩንና ደብተሩን፣ አንዱ ምግቡንና ሸክሙን፣ አንዱ ወደ ሆስፒታል መመላለሱን ይያዝ። ሁሉም በሁሉ ላይ ሲረባረብ ሥራው መሐል ላይ ይወድቃል፤ አንድ ሰው ሁሉን ሲይዝ ደግሞ እሱው ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዕድሜ የገፉ ባለትዳሮች ላይ የተሠራ ጥናት በማስታመም ጫና ውስጥ ያሉት በ4 ዓመት ውስጥ የመሞት ስጋታቸው 63 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል።

ኪሞው ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ይበተናል። ብቻውን የሚኖር ታማሚ የሚጠፋው ያኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በሽታው ከተመለሰ በአብዛኛው የሚመለስባቸው ናቸው፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ልዩነት የሐኪም ምርመራና ሲኢኤ የተባለው የደም ምርመራ፣ በሐኪሙ ዕቅድ መሠረት ሲቲ ስካን፣ በአንድ ዓመት ደግሞ ኮሎኖስኮፒ (የአንጀትን ውስጥ በካሜራ ማየት) አለ። ቀኖቹ በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይመዝገቡ፣ በእሱና ፋይሉን በያዘው። አካል ብቃትም ያኔ ነው ዋጋው ትልቅ የሚሆነው። በ2025 ውጤቱ የወጣው ቻሌንጅ የተባለ ሙከራ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ኪሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን ይዞ ነበር። ለ3 ዓመት አሠልጣኝ እየተከታተላቸው እንቅስቃሴ ከሠሩት ውስጥ በ8 ዓመት 90 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ የጤና መረጃ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው 83 በመቶው። ምክሩን በወረቀት ማግኘት አልበቃም፣ የሚጠብቅሽ ሰው መኖሩ ነው የረዳው። ሠፈር ውስጥ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ፈጠን ብሎ አብሮት የሚራመድ አንድ ሰው ፈልጉለት፤ ከአሁኑ የ10 ደቂቃ እርምጃ ይጀምር።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፣ እሱ የሚመለከተው እናንተን ነው። ወንድማችሁ በሽታው የተገኘበት በ46 ዓመቱ ነው። የአንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰው እህትና ወንድም በ40 ዓመታቸው፣ ወይም ታማሚው ሲታወቅበት ከነበረው ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብለው፣ ከሁለቱ በቀደመው ኮሎኖስኮፒ እንዲጀምሩ ይመከራል። ለእናንተ 36 ዓመት ማለት ነው። አንቺ 38 ነሽ። ታላላቆችሽም ካልተመረመሩ አልፏቸዋል። የሚስማች ሪፔር ምርመራው በዘር የሚወረስ ችግርን የሚያመለክት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ልጁም ከዚያ በጣም ቀደም ብላ መታየት ይኖርባታል። ለእሱ ቀጠሮ ስታስይዙ ለራሳችሁም በዚያው አስይዙ።